ከጉድጓዱ አፍ እስከ ሽንኩርቱ ማሳ፦ መርዝና ሠራተኛ በራያ ቆላ

የቆቦ ሜዳ ገበሬ ማሽላን በጉድጓድ የማኖር ጥበብ የወረሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ውስጡ ገለባ ይነጠፍበታል፤ እህሉ ገብቶ ሲያበቃ አፉ በድንጋይና በጭቃ ተመርጎ አፈር ይለብሳል። በታፈነው ጉድጓድ ውስጥ እህሉም ነቀዙም ይተነፍሳሉ። ቀስ በቀስ ኦክስጅኑ ያልቅና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ከባድ አየር ታች ይረጋል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ነው፤ ጉድጓዱን ከፍቶ ሳያናፍስ ዘሎ የገባን ሰውም የሚገድለው ይኸው ነው። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ጉድጓዱን ከፍቶ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የበራ ኩራዝ አውርዶ ነበልባሉ ይጠፋ እንደሆነ ያያል፤ ሰው ሲያስገባም ከላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ሳያኖር አያስገባም።

ዛሬ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች በዝግ ቦታ ለሚሠራ ሰው የሚያወጡት ደንብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቦታው ይናፈስ፣ አየሩ ይፈተሽ፣ ሠራተኛው ብቻውን አይግባ ይላል። አባቶቻችን ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም። ሰው ሞቶባቸው፣ ሞቱን ወደ ሥርዓት ለውጠው ነው ያቆዩልን። ሥርዓቱ ደግሞ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት የሚያውቀው፣ የተላለፈውን የሚቆጣበት የጋራ ደንብ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደዚህ አካባቢ የገቡትን መርዞች ታሪክ ስመለከት ደጋግሞ የሚታየኝ የዚህ የጋራ ደንብ መኖርና መጥፋት ነው። ደንብ በነበረበት ዘመን ሠራተኛው ከነጤናው ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ደንቡ ሲጠፋ ዋጋውን በገላው ከፍሏል።

ከእነዚህ መርዞች ቀድሞ የመጣው የጦርነት መርዝ ነው። ከቆቦ ወደ ሰሜን ዋጃንና አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ ኮረምን አለፍ ሲሉ የአሸንጌ ሐይቅ ይታያል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት በዚህ ሐይቅ ዳር በጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ ተመታ። ኢፕሪት የሚባለው መርዝ በሳንባ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። ተራ ልብስ አያግደውም። ሕመሙም ወዲያው አይሰማም፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው ቆዳው የሚያብጠውና የሚላጠው። ጫማ ያልነበረው ወታደር በተረጨ ሣር ላይ ሲራመድ እግሩ ይቃጠል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህን አስረዱ፤ መርዙ ከሰማይ እየተረጨ ሰውንም፣ ከብቱንም፣ ውኃውንና ግጦሹንም እንደበከለ ተናገሩ። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው ስምምነት በዚያው በጄኔቫ ከተፈረመ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው ግን እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

የጦር ሜዳ መርዝና የእርሻ መርዝ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ለመግደል፣ ሌላው ሰብል ለማዳን የተሠራ ነው። ዝምድናቸው ግን ከምናስበው ይቀርባል። አሸንጌ በተመታበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1936፣ ጌርሃርድ ሽራደር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት አዲስ ፀረ ተባይ ሲፈልግ ታቡን የተባለውን የነርቭ መርዝ አገኘ። ታቡን ወደ ጦር መሣሪያነት ሄደ። ከዚያው የኬሚካል ቤተሰብ የመጡት፣ ኃይላቸው የቀነሰው እነማላታይን ደግሞ በጠርሙስ ታሽገው ወደ እርሻ መጡ። የአሠራር መንገዳቸው አንድ ነው። ነርቭ ለጡንቻ ያስተላለፈውን መልእክት የሚያጠፋውን ንጥረ ነገር ያግዱታል፤ ሰውነት መልእክቱን ማቆም ያቅተዋል፤ ላብ፣ እንባና ምራቅ ይጎርፋል፤ የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ ሲብስ ትንፋሽ ይቆማል። ከአሸንጌ የተረፉት ሰዎች በገላቸው ያወቁት ነገር፣ ማለትም መርዝ በቆዳ እንደሚገባና ልብስ እንደማይመልሰው፣ ለገበሬው ልጅ እንደ ትምህርት ሳይተላለፍ ቀረ። የጀግንነቱን ታሪክ ወርሰናል፤ ይህን ግን አልወረስንም።

ቀጥሎ የመጣው ኬሚካል እንደ በረከት ነበር የመጣው። ያለ አግባብም አልነበረም። ቆላው ለም ሆኖ ሳለ ሰው የሚፈራው በንዳዱ ምክንያት ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ከውጭ አጋሮቹ ጋር የወባ መከላከል የሙከራ ፕሮጀክቶችን ሲያቋቁም ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ ሞተ። በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተመዝግቧል። በአንድ ዓመት ሁለት መቅሠፍት። ሁለቱንም እናጠፋለን የሚሉት ደግሞ ዲዲቲና ዘመዶቹ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ያንን ዘመን የኖረን ሰው ዲዲቲ ክፉ ነበር ብሎ ማሳመን ከባድ ነው፤ ልጆቹን ያተረፈለት እሱ ነውና። ይህን ሳያከብር ስለ ኬሚካል አደጋ የሚናገር ሰው በቆላው ሰው ዘንድ ሰሚ አያገኝም።

ስለዚያ ዘመን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው አሠራሩን ነው። የወባ ርጭት የግለሰብ ሥራ አልነበረም። ቤቶች ተቆጥረው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ረጪዎቹ በቡድን፣ በቡድን መሪ ሥር ይሠማራሉ፤ ኬሚካሉ ተመዝኖ ይታደላል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 2 ግራም ዲዲቲ ነበር፤ ረጪው ይህን ለመጠበቅ ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ፣ እጁን በምን ፍጥነት ማንቀሳቀስ እንዳለበት ይሠለጥናል። ምን እንደተረጨ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተረጨ ይጻፋል። ሙሉ ጥበቃ ነበረ ማለቴ አይደለም። የረጪው ልብስ በኬሚካል ሲነጣ፣ ያንኑ ልብስ ሚስት በእጇ ስታጥብ ኖራለች። ቢሆንም መርዙን የሚይዝ ሰው ታውቆ፣ ሠልጥኖና አለቃ ኖሮት የሚሠራበት ሥርዓት ነበር።

ሥርዓት ሲላላ የሚሆነውን ዓለም በሌላ ቦታ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን ለወባ መከላከያ ማላታይን ከሚረጩ 7,500 ሠራተኞች 2,800 ያህሉ እንደተመረዙ ተገምቷል፤ አምስቱ ሞቱ። ማላታይን ከዘመዶቹ ሁሉ ለሰው የማይከፋው ተብሎ የተመረጠ ነበር። ምርመራ ሲደረግ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ኬሚካሉ በአያያዝ ተበላሽቶ ከመጀመሪያው የከፋ መርዝ መፍጠሩ ነው። ሁለተኛው ሠራተኞቹ በእጃቸው ማማሰላቸው፣ የራሰ ልብስ ለብሰው መዋላቸውና ሳይታጠቡ ማደራቸው ነው። አሠራሩ ሲስተካከል የታማሚው ቁጥር ቀነሰ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ለቆቦ ገበሬ ቀጥተኛ ነው። ጊዜው ያለፈበት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ ኬሚካል በመለያው ላይ እንደተጻፈው ላይሆን ይችላል።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ የራሷን ዕዳ ከፍላለች። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለመንግሥት እርሻዎች እየተባለ ለአሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ የተከማቸው ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በሺህ ቶኖች ይቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ከዚህ ውስጥ 1,500 ቶን ያህሉ በጥንቃቄ እየታሸገ ለማቃጠያ ወደ ፊንላንድ ተላከ። አንዲት ድሃ አገር ያልተጠቀመችበትን መርዝ ለማስወገድ በመርከብ እስከ ሰሜን አውሮፓ መላክ ነበረባት። የእያንዳንዱ መጋዘን ጠባቂ፣ ያንን የሚያፈስስ በርሜል ለዓመታት እያሸተተ የኖረው ሰው፣ በየትኛውም የጉዳት መዝገብ ላይ የሰፈረ አይመስለኝም። ዲዲቲም ቢሆን ትንኟ ስለለመደችው ከቤት ርጭት ወጣ፤ ከዚያ በፊት ግን ከመጋዘን እያፈተለከ ማሳ ገብቶ ነበር።

በ1990ዎቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የሜዳው ዕጣ ተለወጠ። ለዘመናት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ፣ ዝናብ ሲቀር ሰማይ ሰማይ እያየ የኖረ ገበሬ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ውኃ አገኘ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በርበሬ ከጤፍና ከማሽላ ጎን ተተከሉ። ይህ ትልቅ ልማት ነው። ነገር ግን ማሽላ ብዙ ርጭት ሳይፈልግ የሚደርስ ሰብል ሲሆን ሽንኩርትና ቲማቲም እንደዚያ አይደሉም። ትሪፕስ የሚባለው ተባይ የሽንኩርቱን ቅጠል ያነጣዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ጠንቅ አገሪቱ ገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጤ ተምች በቆሎና ማሽላ ላይ ደረሰ። ጤፍ ላይ ያለው አረም ቱፎርዲ በሚባል ፀረ አረም ይረጫል። በዓመት አንድ ጊዜ በመንግሥት ቡድን ይረጭ የነበረ ኬሚካል በየሳምንቱ በግለሰብ እጅ የሚረጭ ሆነ። ውኃው ሲመጣ መሐንዲስና ቴክኒሻን ይዞ መጣ። ኬሚካሉ ግን በአብዛኛው ብቻውን፣ በባለሱቅ እጅ ነው የመጣው።

በሆርማት ወይም በጎሊና አካባቢ በመስኖ ወቅት ወደ ሽንኩርት ማሳ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ይህን ነው። አንድ ወጣት፣ ብዙ ጊዜ የቀን ሠራተኛ፣ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ አጥፎ፣ ሸበጥ ወይም ባዶ እግሩን ሆኖ ባለ 16 ሊትር ፓምፕ ይሸከማል። ኬሚካሉን የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ነው፤ ተባዩ አልሞት ካለ አንድ ክዳን ይጨምራል፤ ሁለት ዓይነት ኬሚካል ይቀላቅላል፤ በአገኘው እንጨት ያማስላል። የፓምፑ ክዳን ያፈስሳል፣ ጀርባው ይርሳል፣ በዚያው ልብስ ከጠዋት እስከ ቀትር ይሠራል። ኖዝሉ ሲደፈን አውልቆ በአፉ ይነፋዋል። በቆቦ ሙቀት በጋለና በላብ በራሰ ቆዳ መርዙ በቀላሉ ያልፋል። ማታ ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ፀሐይ መታኝ ብሎ ወተት ጠጥቶ ይተኛል። ወተት ግን መርዝን ከሰውነት አያወጣም። የሚጠቅመው የራሰውን ልብስ ወዲያው አውልቆ ገላን በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ፣ የኬሚካሉን ጠርሙስ ይዞም ፈጥኖ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ለእነማላታይን ቤተሰብ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ሐኪሙ እንዲሰጠው ግን ምን እንደተረጨ ማወቅ አለበት።

ከዚህ ወጣት ጀርባ ሌሎችም አሉ። በነጋታው ቲማቲም ለመልቀም ወይም ለማረም የሚገቡ ሴቶች ቅጠሉ ትናንት እንደተረጨ የሚነግራቸው የለም። ባዶ ጀሪካኑ ታጥቦ ውኃ መቅጃ ይሆናል። በጎታና በከረጢት ያለ እህል ውስጥ የሚጣለው የነቀዝ ክኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ እህሉ ያለው ደግሞ ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ነው። የጉድጓዱን አየር በኩራዝ ይፈትኑ የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ከዚያ እጅግ የከፋ ጋዝ አጠገብ በር ዘግተው ያድራሉ።

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣው ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ታየ። ማሽላውና ጤፉ ሊሰበሰብ በደረሰበት ሰዓት መንጋው ራያ ቆቦን አለበሰው። ሕዝቡ በጅራፍ፣ በቆርቆሮና በጩኸት ተከላከለ፤ ከከተሞች ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው መጥቶ አጨዳ አገዘ፤ በሰማይ አውሮፕላን፣ በምድር ረጪዎች ኬሚካል ረጩ። በእንዲህ ያለ ቀን ጓንት የት አለ የሚል ሰው ጨካኝ ይመስላል። ግን አንበጣ ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ተመልሶ እንደሚመጣ የሚታወቅ ጠላት በመጣ ቁጥር ረጪውን ያለ ዝግጅት የምናሰማራው የአደጋውን ቀን እንጂ በአደጋዎቹ መካከል ያሉትን ዓመታት ስለማንቆጥር ነው። ከዚያም ዓመቱ ሳይሞላ በሰሜን የተነሣው ጦርነት ቆቦ ደረሰ። የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የገበሬው ጭንቀት ነፍሱን ማትረፍ ሆነ።

ሕግ የለንም ማለት አንችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ጉዳት ሲደርስ እንዲመዘግብና ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለውንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ኬሚካሉ ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 155ኛ የሥራ ደኅንነት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደኅንነቱ የተጠበቀ ሥራን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አሰልፎታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በተግባር የሚደርሰው በአብዛኛው በር ላለው መሥሪያ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባች የራያ ልጅ ቢያንስ ተቆጣጣሪ ሊያንኳኳው የሚችል በር አላት። በሽንኩርት ማሳ ለሦስት ቀን የተቀጠረው ወንድሟ ውሉ የቃል ነው፤ አሠሪው ራሱ ጥቂት ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ አሠሪ፣ ነገ በሌላው ማሳ ረጪ ይሆናል። መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደውም እንዲሁ ነው።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ጥበቃውን ሁሉ በዚህ ወጣት ጓንትና ጭምብል ላይ መጫናችን ነው። ጭምብል ይጠቅማል፤ በቆላ ሙቀት ግን ሙሉ የመከላከያ ልብስ ለብሶ ግማሽ ቀን መርጨት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የፀረ ተባይ ሥነ ምግባር ደንብ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፣ ይህን በግልጽ ይቀበላል። ለመልበስ የማይመች፣ ውድ ወይም የማይገኝ መከላከያ የሚጠይቅ ኬሚካል በሞቃት አገር ላሉ አነስተኛ ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች ባይቀርብ ይሻላል ይላል። ይህ ማለት የመጀመሪያው ጥያቄ ረጪው ምን ለበሰ የሚለው አይደለም፤ ይህ ጠርሙስ ቆቦ ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው። መለያው ላይ ያለው የቀለም መስመር ቀይ ከሆነ እጅግ መርዘኛ ነው፤ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ዝቅ ያለ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀለም ይለያል። ይህን በአንድ የገበያ ቀን ለሺህ ሰው ማስተማር ይቻላል።

ለነቀዙም ቢሆን መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ዛሬ በአገራችን የሚሸጡት አየር የማያስገቡ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢቶች የሚሠሩት በዚያው በማሽላ ጉድጓዱ ሕግ ነው፤ አየሩ ያልቃል፣ ነቀዙ ይሞታል፤ ክኒን አያስፈልግም፤ ቤተሰቡም ከጋዝ ጋር አያድርም። የራያ ገበሬ ይህን ሳይንስ ለማመን ሩቅ መሄድ የለበትም።

ለርጭቱ ደግሞ የምመክረው የወባ ማጥፊያውን አሠራር ወደ ማሳው ማምጣት ነው። በየቀበሌው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጥቂት ወጣቶችን አሠልጥኖ የርጭት ቡድን ያቋቁም፤ ኬሚካሉን ማኅበሩ ከተመዘገበ አቅራቢ ይግዛ፤ በየቤቱ የሚቀመጥ ጠርሙስ ይቅር። ቡድኑ የማያፈስስ ፓምፕ፣ መለኪያና መታጠቢያ ውኃ ይኑረው፤ የትኛው ማሳ በየትኛው ቀን በምን እንደተረጨ ይመዝግብ፤ በተረጨው ማሳ ዳር ምልክት ተክሎ ሰው የሚገባበትን ቀን ያሳውቅ። ባዶ ዕቃው ተቀዶ ተመልሶ ይሰብሰብ። ሽማግሌዎች ደም ሲያስታርቁ፣ የጎርፍ ጠለፋ ተራ ሲያካፍሉ የኖሩበት አገር ነውና የተረጨ ማሳ ምልክትን የነቀለ ወይም በመርዝ ዕቃ ወተት የሸጠ ምን እንደሚጠብቀው መወሰን አያቅታቸውም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ጤና ጽሕፈት ቤት በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘት አለባቸው፤ መዝገቡ በአንዱ ዘንድ፣ ታማሚው በሌላው ዘንድ እየሆነ አሁን የሚተዋወቁ አይደሉም። የሚቀጥለው የመስኖ ሽንኩርት ከመተከሉ በፊት ሊጠናቀቅ የሚችል አንድ ሥራ አለ፦ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ባሉት ጤና ጣቢያዎች አትሮፒን መኖሩን፣ ተረኛው ባለሙያም የመርዝ ምልክቱን ከወባና ከፀሐይ ምታት ለይቶ ማወቁን ሄዶ ማረጋገጥ።